ከወንዙ ወዲህ ያስቀረችን «ድ»

ሩሲያኛ ማወቅ ሚዛን ቴፈሪ ውስጥ ለምን ይጠቅማል ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ እስከዚያች የጥቅምት ቅዳሜ ድረስ መልሴ አንድ ነበር፤ ለሠርግ። ድግሱ ሞቅ ሲል ከአጎቶቼ አንዱ «አስቴር፣ እስቲ በሩሲያኛ አንድ ነገር በይልን» ይላል። እኔም ብርጭቆዬን አስቀምጬ እነሳና «የሙሽራው ከረባት ጠማማ ነው፤ ወጡም ጨው በዝቶበታል» እላለሁ፣ በሩሲያኛ። ይጨበጨባል። ምርቃት መስሏቸው «አሜን» የሚሉም አይጠፉም። ሁለት መንግሥታት ተፈራርመው የላኩኝ ትምህርት ያፈራው ፍሬ ይኸው ነበር።

የሄድኩት ቮሮኔዥ ወደምትባል ከተማ፣ የእንስሳት ሕክምና ልማር ነው። የመጀመሪያውን ዓመት ግን ላምም ሆነ በግ አላየሁም፤ ቋንቋ ብቻ ነበር። አስተማሪያችን ታማራ ኢቫኖቭና የምትባል አጭር ሴትዮ ነበረች፤ የምትቀጣንም በግስ ነበር። የሩሲያ ግስ እንደኛ አገር ባለሥልጣን ብቻውን ከቤት አይወጣም። ከፊቱ ባዕድ መነሻ ያስቀድማል፣ አንዳንዴም ከኋላው ባዕድ መድረሻ ያስከትላል። «ሾል» ማለት በእግሩ እየሄደ ነበር ማለት ነው፤ ይድረስ አይድረስ አይታወቅም። ከፊቱ «ዳ» ስትገባ «ዳሾል» ይሆናል፤ እስከ ቦታው ደረሰ። «ፔሬ» ስትገባ ተሻገረ። «ኡ» ስትገባ ጥሎ ሄደ። «ዛ» ስትገባ መንገዱን ሳይለቅ አንድ ቤት ጎራ አለ። አንዷን ከሌላዋ ያምታታ ሰው ወንዝ ዳር የቆመውን ሽማግሌ ማዶ አሻግሮ ቁጭ ይላል።

አብሮኝ የሚማር የአዲስ አበባ ልጅ «እኛ አገር ሰው ሄደ ከተባለ ሄደ ነው፤ እነዚህ ምን ሆነው ነው?» እያለ ያማርር ነበር።

«ውሸታም» አልኩት። «ጎራ አለ፣ ብቅ አለ፣ ራቅ አለ፣ እልም አለ የምንለውስ?»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ገባኝ። ግስ ወደድኩ። ሰው በወጣትነቱ ምን የማይወደው ነገር አለ?

አራተኛው ዓመት ላይ አባቴን ግማሽ ጎኑን መታው። ለእሱና ለእናቴ ያለኋቸው ልጅ እኔ ብቻ ነኝ፤ መጣሁ። ለጥቂት ጊዜ ነው ብዬ ነበር። ጥቂት ጊዜ ሲረዝም የትምህርት ዕድሉ ተቃጠለ። ሩሲያውያን እንደኔ ላለው ሰው «ኔዶኡችካ» የሚል ስም አላቸው። «ኔዶ» የምትባለው መነሻ ነገሩ ተጀምሮ ልኩ ጋ ሳይደርስ እንደቀረ ትናገራለች፤ ተምሮ ያልተማረ እንደማለት። የሚዛን ሰው ይህን ቃል ባያውቅም ትርጉሙን አላጣውም። «ያቺ ያቋረጠችው» ይሉኛል፣ በፍቅር። መናኸሪያው አጠገብ ፎቶ ኮፒ ቤት ተቀጠርኩ። ለሥራ የሚወዳደር ሁሉ ማስረጃውን የሚያባዛው እኔ ጋ ስለሆነ፣ ቀኔን የማሳልፈው የሌሎችን ዲግሪ በማብዛት ነበር። በዚህ ሙያ አገሪቱ ውስጥ የሚስተካከለኝ ያለ አይመስለኝም።

ታዲያ ያን ቅዳሜ ከሰዓት፣ ማሽኑ ወረቀት ጎርሶ እምቢ ብሎኝ ስታገል፣ ስልኬ ጮኸ። ደዋዩ አቶ ተካልኝ ናቸው። በአካባቢው እንግዳ በመጣ ቁጥር ፎቶው ላይ ከመሀል የሚቆሙ፣ ሥራቸው ምን እንደሆነ በትክክል የማላውቀው ሰው።

«አስቴር ነሽ? ራሺያኛ ትችያለሽ አሉኝ።»

«ትንሽ ትንሽ።»

«ትንሽ ይበቃል። ራሺያዊ ጠፍቶብናል።»

«ከየት ነው የጠፋው?»

«ከእጃችን!» አሉ በቁጣ፣ የወሰድኩት እኔ ይመስል። «በር ላይ ነኝ፣ ውጪ።»

ፒክአፗ ውስጥ ገብቼ ወደ ሸኮ አቅጣጫ ስንወጣ ነገሩን አስረዱኝ። ሁለት ሽማግሌ ሩሲያውያን፣ ባልና ሚስት፣ የጫካ ቡናና ወፍ ሊያዩ መጥተዋል። አስጎብኚያቸውን ወባ ጥሎት ሚዛን ቀርቷል። እነሱ ከሾፌሩ ጋር ብቻቸውን ወጡ። ባልየው ጠዋት ካሜራውን ይዞ «አሁን መጣሁ» ብሎ ጫካ ገባ፤ ይኸው ቀኑ እየመሸ ነው። ምልክት ቢኖር አንድ የድምፅ መልእክት ነው፤ ለሚስቱ በቴሌግራም የላከው። ከዚያ ስልኩ ተዘጋ።

«መልእክቱ ምን ይላል?» አልኳቸው።

«እሱን ጨርሰናል» አሉና ስልካቸውን መታ መታ አደረጉት። «እዚህ ውስጥ አስተርጓሚ አለ። የዓለምን ቋንቋ በሙሉ ያውቃል። አንቺን የወሰድኩሽ ለፎርማሊቲ ነው፤ ሴትየዋ ታለቅሳለች፣ ታባብያታለሽ።»

ዓመታት የተቀጣሁበት ግስ ለማባበያ መፈለጉ ራሱ ዕድገት ነው ብዬ ተጽናናሁ።

ስንደርስ ላንድክሩዘሯ ከአውራ መንገዱ ወጣ ብላ፣ ጫካው አፍ ላይ ቆማለች። ሾፌሩ ሙህዲን የሚባል የጅማ ሰው ነው፤ ፊቱ አመድ መስሏል። ሴትየዋ የኋላ ወንበር ላይ ጉልበታቸውን በሻርፕ ጠቅልለው ተቀምጠዋል። ኒና ፓቭሎቭና ይባላሉ፤ ጡረታ የወጡ የፒያኖ አስተማሪ። አምላክም ቀልድ ይወዳልና የሙዚቃ አስተማሪዋን የከዳቸው ጆሯቸው ነበር። ግራው ጨርሶ አይሰማም፤ ቀኝ ጆሯቸውን አዙረው ነው የሚያዳምጡት። ከቀበሌው የተሰበሰቡ ወንዶች ገጀራና ገመድ ይዘው ዛፍ ሥር ቆመዋል። የሚመሯቸው ጋሽ ማርቆስ የሚባሉ ረጋ ያሉ ሰው ናቸው።

«እንደምን ዋሉ፣ ኒና ፓቭሎቭና» አልኳቸው በሩሲያኛ።

ሴትየዋ እጄን እንደ ገመድ ያዙት። «ሰው! የሚናገር ሰው! ከቀትር ጀምሮ ከስልክ ጋር ነው የምነጋገረው። ባለቤቴ ኮስትያ ስኳር አለበት። ጠዋት መርፌውን ወግቶ ወጣ፤ ምሳው ይኸው እዚህ ነው። ካልበላ ይወድቃል። ይገባሻል? ይወድቃል!»

ለአቶ ተካልኝ ስነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ለዚህ ነው ፈጥነን የምንሻገረው።»

«ወዴት ነው የምትሻገሩት?»

«ማዶ ነዋ! ይኸው መልእክቱ» ብለው የስልካቸውን ትርጉም አነበቡልኝ። ቃል በቃል እንዲህ ይላል፤ «ኒን። ወንዝ ሄድኩ። ዞርኩ እና ዞርኩ።» አቶ ተካልኝ ከዚህ ቅዱስ ጽሑፍ የሚከተለውን ትንታኔ አውጥተዋል፤ ሰውየው ወንዝ ሄደ፤ ሰው ወንዝ የሚሄደው ለመሻገር ነው፤ ስለዚህ ተሻገረ። ከዚያ አንዴ ወደ ግራ ዞረ፣ አንዴ ወደ ቀኝ ዞረ። «ወደ ግራ» እና «ወደ ቀኝ» የሚለውን ከየት እንዳመጡት አልጠየቅኩም። አንድ ሰው ሥልጣን ላይ ሲቆይ አቅጣጫ ራሱ ይገለጥለታል።

ጋሽ ማርቆስ ጠጋ አሉኝ። «ልጄ፣ ወንዙ ከዚህ ሩቅ አይደለም። የምንሻገርበት የወደቀ ግንድ ነው። ላይኛው አገር ግን ዘንቧል፤ ሰማዩን እዪው። ከተሻገርን በኋላ ውኃው ከመጣ ዛሬ መመለስ የለም። ወዲያ ያለነው ወዲያ፣ ወዲህ ያለውም ወዲህ ነው የሚያድረው። እና አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ፤ ሰውየው ማዶ ነው ወይስ ወዲህ?»

በዚያች ሰዓት ነው ታማራ ኢቫኖቭና ትዝ ያለችኝ። የፈተና ቀን እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ነበር የምታወጣው። ልዩነቱ፣ ያኔ ብሳሳት የሚሞት ሰው አልነበረም።

«መልእክቱን ልስማው» አልኩ።

ኒና ስልካቸውን ሰጡኝ። የነፋስ ድምፅ፣ የቅጠል ኮሽታ፣ የሚያቃስት ሰው ትንፋሽ። ከዚያ የሽማግሌ ድምፅ፤ «ኒን… ዳ ሪኪ ያ ኔ ዳሾል…» ዝም። ከዚያ «ስቬርኑል… ኢ ፓ… ቬርኑል።» ሳቅ ይሁን ሳል ያልለየለት ነገር። ተቆረጠ።

«ኔ ዳሾል» አልኩ ጮክ ብዬ። «አልደረስኩም ነው ያለው። ወንዙ ጋ አልደረስኩም!»

«እኔም የምላቸው እሱን ነው!» አሉ ኒና። «ኔ ዳሾል! ኔ ዳሾል! ስልኩ ግን አይሰማም።»

አቶ ተካልኝ ቅር አላቸው። «ማሽኑ ‹ሄድኩ› ነው የሚለው። ማሽን ለምን ይዋሻል? ምን አገኝ ብሎ?»

«አይዋሽም። ነፋሱ ‹ኔ›ዋን ውጦበት ነው። ደግሞም መሄድና መድረስ…»

«እህቴ፣ የሄደ ሰው ይደርሳል።»

እኔን የመሰለች ያልደረሰች ሰው ፊታቸው ቆማ እንዲህ ማለታቸው ሳያስቀኝ አልቀረም።

ችግሩ ግን ገና ነበር። ወዲህ ከሆነ፣ የት ጋ? ጫካው ወዲህም ጫካ ነው። ኒና ደግሞ የራሳቸው ትርጉም አላቸው። «ስቬርኑል፤ ከመንገዱ ወጣ። ፓቬርኑል፤ ዞረ። ግትር ነው፣ መቀመጥ አያውቅም። ዞሮ ወደ ከተማው በእግሩ እየሄደ ነው። በመኪና ሄደን ከፊት እንጠብቀው!»

እኔ የሰማሁት ግን ሌላ ነው። ወይም የሰማሁ መሰለኝ። «ፓ» እና «ቬርኑል» መሀል አንዲት ትንሽ ነገር ነክታኝ አልፋለች፤ «ድ»። ለእናንተ ይህቺ ምንም አይደለችም። ለሩሲያ ግስ ግን ሌላ ቤት፣ ሌላ ኑሮ ነው። ከኋላ ያለችው «ኑ» ነገሩ አንዴ፣ በድንገት፣ ተፈጽሞ ያለቀ መሆኑን ትናገራለች፤ ምን እንደተፈጸመ የምትናገረው ከፊት ያለችው ናት። «ስ» ከነበረበት መስመር ታወጣዋለች፤ ስቬርኑል፣ ከመንገድ ታጠፍኩ። «ፓ» ከሆነች አቅጣጫ ቀየርኩ፤ ፓቬርኑል። «ፓድ» ከሆነች ግን ወደ ሥር ነው የምታጥፈው፤ ፓድቬርኑል። እግር ከሥር ሲታጠፍ ምን እንደሚባል እናንተም ታውቁታላችሁ። ወለም አለኝ ነው።

የዞረ ሰው ይሄዳል። ወለም ያለው ሰው ተቀምጧል።

«ኒና ፓቭሎቭና፣ ፓድቬርኑል ያሉ ይመስለኛል።»

ሴትየዋ ቀና ብለው አዩኝ። «ልጄ፣ ሩሲያኛ ልታስተምሪኝ ነው?»

ኔዶኡችካ ሆኖ ከቋንቋው ባለቤት ጋር መከራከር ምን ያህል እንደሚያሳፍር አልነግራችሁም። ደግሞስ ተሳስቼ ቢሆን? ነፋስ ስንት ነገር ይላል።

«ፓቬርኑል ከሆነ፣ ወዴት?» አልኳቸው ቀስ ብዬ። «ወደ ግራ? ወደ ኋላ? የዞረ ሰው ወዴት እንደዞረ ይናገራል። ከመንገድ ታጥፌያለሁ ብሎ ሲያበቃ ደግሞ ዞርኩ ብሎ ዝም ይላል?»

ሙህዲንን ሞተሩን አጥፋው አልኩት። መስኮቶቹን ዘጋን። ጋሽ ማርቆስ እጃቸውን ሲያነሱ ዛፍ ሥር ያሉት ወንዶች ወሬያቸውን አቆሙ። አቶ ተካልኝ እንኳ ስልካቸውን ዝም አሰኙ፤ ይህ በታሪክ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም። ስልኩን የኒና ቀኝ ጆሮ ላይ ለጠፍኩት።

«ስቬርኑል… ኢ ፓድ…ቬርኑል።»

እንደገና። እንደገና። ኒና ዓይናቸውን ጨፍነዋል፤ ጣታቸው ጉልበታቸው ላይ ምት ይመታል። በድንገት እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

«ቤት እየመታ ነው» አሉ። «አምላኬ! ስቬርኑል ኢ ፓድቬርኑል። ቤት እየመታ ነው እኮ! ኮስትያ የሚገጥመው ሲያመው ብቻ ነው። የኩላሊት ጠጠር ሲያሰቃየው ለሐኪሙ የነገረው በግጥም ነበር። ሐኪሙማ ‹ሰክሯል› ብሎ ሊያባርረው ነበር!» ከዚያ ያለቅሱ ጀመር፤ እየሳቁ። «እግሩን ነው። አሮጌ ጅል፣ እግሩን ነው!»

ወጥቼ ለጋሽ ማርቆስ ነገርኳቸው። «ወዲህ ነው። ወንዙ ጋ አልደረሰም። ከመንገዱ ታጥፎ ወጣ፣ እግሩ ታጠፈ። ተቀምጧል። ሩቅ አይደለም።»

«ቆይ፣ ቆይ» አሉ አቶ ተካልኝ። «ይህን ሁሉ የምታወጪው ከአንድ ፊደል ነው?»

«አዎ።»

«ሰው ቢሞት ኃላፊነቱን ትወስጃለሽ?»

«እወስዳለሁ» አልኩ፤ ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ።

«ድገሚው» አሉና ስልካቸውን አነሱ። «ቪዲዮ እየቀረጽኩ ነው። ሙሉ ስምሽን ተናገሪና ድገሚው።»

ሙሉ ስሜን ተናግሬ ደገምኩት። የሰው ነፍስ ጫካ ውስጥ እያጣጣረች፣ እኛ ፎቶ የሚያምርበት ቦታ ላይ ቆመን መግለጫ እንሰጣለን።

ጋሽ ማርቆስ ቀረጻው እስኪያልቅ አልጠበቁም። «ወዲህ ነን!» ብለው ለሰዎቻቸው ጮኹ። ጥለውን ገቡ።

እኔም ተከተልኩ፤ በፎቶ ኮፒ ቤት ጫማ። ጫካው ውስጥ ቡናው ቀልቶ፣ ቅጠሉ ርሶ፣ መሬቱ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። ወንዶቹ የእግር መንገዱን ይዘው በግራና በቀኝ ተበተኑ። እኔ ሥራዬ የኮስትያን ሙሉ ስም እየጠራሁ መጮህ ነው። «ኮንስታንቲን ፔትሮቪች!» እላለሁ። ላይ ላዩን የሚዘሉ ጉሬዛዎች ይመልሱልኛል። «ኮንስታንቲን ፔትሮቪች!» ጉሬዛ። አልቅት ቁርጭምጭሚቴ ላይ ተጣብቆ ደሜን እየጠጣ እንኳ አላወቅኩም። ከዚያ ዝናቡ መጣ። የኛ አገር ዝናብ አያካፋም፤ ይወርዳል እንጂ።

ብዙም ሳይቆይ ከፊታችን እንደ ከባድ መኪና የሚያጉረመርም ድምፅ ተሰማ። ጋሽ ማርቆስ ቆሙ። «ወንዙ ነው። መጣ» አሉ። ከሰዎቹ አንዱ ሮጦ አይቶ ተመለሰ፤ ግንዱ የለም፤ ወስዶታል።

አሁን ማዶ ያለ ሰው ካለ፣ ማንም አይደርስለትም ማለት ነው። እኔም ቪዲዮ ላይ አለሁ። በዚያ ዝናብ ውስጥ የተሰማኝን ፍርሃት ብነግራችሁ ደስ ይለኛል፤ ግን ፍርሃት አልነበረም። ከዚያ የባሰ ነበር፤ ጥርጣሬ። «ድ» ነበረች ወይስ አልነበረችም? ቅርንጫፍ ተሰብሮ ቢሆንስ? የሰው ነፍስ ቅርንጫፍ ላይ ሰቅዬ ቢሆንስ?

ያኔ አንድ ድምፅ መጣ። አንዴ ብቻ። ጉሬዛ ያልሆነ።

ሁላችንም ባለንበት ቆምን። «ሰማችሁ?» «ከዚህ ነው።» «የለም፣ ከኋላ ነው።» ሩሲያውያን ለዚህም ቃል አላቸው፤ ክሪክኑል፣ አንዴ ጮኸ። ያቺው «ኑ» መድረሻ ናት፤ አንዴ ይሆናል፣ ያበቃል፣ አይደገምም። «ይድገሙት! ኮንስታንቲን ፔትሮቪች፣ ይድገሙት!» ብዬ ጮኽኩ። አልተደገመም። ጋሽ ማርቆስ ሰዎቻቸውን ክንድ ለክንድ አቀራርበው እንደ መረብ ዘረጉና ከመንገዱ ቁልቁል ሰደዷቸው።

ሰውየውን ያገኙት ከእግር መንገዱ ድንጋይ ቢወረወር ከሚደርስበት ቦታ ነው። ሥሩ ተነቅሎ የወደቀ ትልቅ ዛፍ ጀርባ፣ ሥሩ የነበረበት ጉድጓድ ውስጥ። ካሜራውን ሸሚዙ ውስጥ ደብቆ፣ እሱ ራሱ ዝናብ ላይ። አንድ እግሩ እንደ ዱባ አብጧል። ከንፈሩ አካባቢ ቀይ ስለነበር መጀመሪያ ደም መሰለኝ፤ እጁ የሚደርስበትን የቡና ፍሬ እየመጠጠ፣ ልጣጩን አጠገቡ ከምሯል። ያችን የልጆች ጣፋጭ ነው ምሳ ያደረጋት። ፊቱ ነጥቷል፤ ሲያቅፉት እንደ ጨርቅ ተልፈሰፈሰ።

ኒና የላኩትን ስኳር የተበጠበጠበት ጠርሙስ ለሽማግሌው አፋቸው ላይ አስጠጋሁ። አንድ ጉንጭ፣ ሌላ ጉንጭ። ዓይናቸው ቀስ ብሎ ተከፈተ። አዩኝ። ጠጉሬ ፊቴ ላይ ተለጥፏል፤ ጭቃ በጭቃ ነኝ።

«ሞትኩ?» አሉ በሩሲያኛ። «ገነት ውስጥ ሩሲያኛ ይናገራሉ?»

«አልሞቱም» አልኳቸው። «ኡሚራሊ፣ ኖ ኔ ኡመርሊ።» እየሞቱ ነበር፤ ግን አልሞቱም። ቋንቋው እንዲህ ያለ ጸጋ አለው፤ ባልተፈጸመው ግስ ሰው የፈለገውን ያህል እየሞተ መክረም ይችላል።

ሽማግሌው ትንሽ አሰቡና «ግሱ ትክክል ነው» ብለው ዓይናቸውን ጨፈኑ። እኔ እዚያው ጭቃው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ፈተና አልፎ የሚያለቅስ ተማሪ አይታችሁ አታውቁም?

ወንዶቹ ቃሬዛ ሠርተው ተሸክመው አወጧቸው። ገና ሳይጨልም መኪናው ጋ ደረስን። ኒና ባላቸውን መጀመሪያ በጥፊ፣ ቀጥሎ በመሳም ተቀበሉ፤ ቅደም ተከተሉን ልብ ይሏል። አቶ ተካልኝ ጥግ ይዘው በስልክ ይናገሩ ነበር፤ «አዎ፣ በቅንጅት፣ በተሰጠ አመራር፣ ወዲህ መሆኑን ቀድመን ለይተን…» የኔ ቪዲዮ ወዴት እንደገባ እስከዛሬ አልሰማሁም። «ኡ» ገብታበት ይሆናል፣ እልም አለ።

ከሳምንታት በኋላ አዳራሽ ውስጥ የምስጋና ፕሮግራም ተዘጋጀ። ጋሽ ማርቆስ ብርድ ልብስ ተሸለሙ፤ ይገባቸዋል። አቶ ተካልኝ «ዘመናዊ ቴክኖሎጂን ለሰው ሕይወት አድን ሥራ በመጠቀም» ተብለው ተሸለሙ። የምስክር ወረቀቱን ኮፒ ያደረግኩላቸው እኔ ነኝ። በቀለም።

ያን ዕለት ግን ሽማግሌው ሚዛን ሆስፒታል ገብተው፣ ስኳሩ እስኪስተካከል ከሐኪሞቹ ጋር ሳስተረጉም አደርኩ። ጠዋት ነቃ ሲሉ ሩሲያኛ የት እንደተማርኩ ጠየቁኝ። ቮሮኔዥ አልኳቸው፤ ኔዶኡችካ መሆኔንም ሳልደብቅ ነገርኳቸው። ሳቁ። «እኔም ወንዙ ጋ አልደረስኩም» አሉ። «ግንዱ ላይ ሳለሁ ውኃው ቢመጣ ኖሮ ዛሬ ኒና ጥቁር ለብሳ ነበር። አለመድረስን ብዙ አትሳደቢው።» ከዚያ ገንፎ ስጡኝ አሉ።

ቤቴ የደረስኩት ፀሐይ ወጥታ ነው። አባዬ በረንዳው ላይ፣ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል። ጡረታ የወጣ የአማርኛ መምህር ነው። ጤነኛ ሳለ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ያለ ስሕተት እንኳ ሳያርም አያልፍም ነበር፤ ከታመመ ወዲህ ግን የሚወጣው አንድ አንድ ቃል ነው፣ እሱም በቀን ጥቂት። ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል።

«ተገኘ?» አለኝ።

«ተገኘ፣ አባዬ።»

«በምን?»

አጠገቡ ቁጭ ብዬ ነገርኩት። ስለ «ዳ»፣ ስለ «ስ»፣ ስለ «ፓ»ና «ፓድ»፣ ከኋላ ስለምትመጣው «ኑ»። ባዕድ መነሻና ባዕድ መድረሻ ስል፣ የሚሠራው ግማሽ ፊቱ በራ። ጭቃ የለበሰ ጫማዬን ሲያይ ቆየ። ከዚያ ደህናውን እጁን አንስቶ ትከሻዬን ገፋ አደረገኝና «ሂጂ» አለኝ።

«የት?» አልኩት።

ዓይኑን ጨፍኗል።

እናቴ ከጓዳ ሆና «ተኚ ማለቱ ነው፤ ሌሊቱን ሳትተኚ አድረሽ» አለች። ሊሆን ይችላል። ሂጂና ታጠቢ፣ ሂጂና ተኚ፣ ልብስሽን ቀይሪ፣ ፊቴ ላይ አትቁሚ፤ ሁሉም ሊሆን ይችላል። መነሻ የሌለው፣ መድረሻ የሌለው ባዶ «ሂጂ» ነው። ሩሲያኛ ቢሆን አውቅለት ነበር።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ የመንገድ አጋማሽ ላይ የቀራችሁ ብትኖሩ፣ ምክር አልሰጣችሁም። እኔ ራሴ ምክር ከሚሰጡ ሰዎች ጋር ጫካ ገብቼ አይቻለሁ። የሆነውን ብቻ ልንገራችሁ። በሚቀጥለው ዓመት እዚሁ አካባቢ ያለ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ተመዘገብኩ፤ ከመጀመሪያው ዓመት፣ «እትዬ» ከሚሉኝ ልጆች ጋር። ከሰዓት ፎቶ ኮፒ፣ ጠዋት ላም። ልጆቹ ሲያሾፉብኝ ያሾፋሉ፤ መምህሩም በዕድሜ ከኔ ያንሳል።

የአባዬን ቃል የተረጎምኩት እንደዚያ ነው። በየጠዋቱ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ደብተሬን ይዤ ስወጣ ያየኛል። እስካሁን አላረመኝም።